ከመካነ ሰላም እስከ ጎታ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከኤውሮፓ ከተመለስን ወዲህ በግቢውም ሆነ በከተማው የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «እንዴት ነበር?» የሚል አይደለም፤ «ምን ተማራችሁ?» የሚልም አይደለም። በሻይ ቤት፣ በገበያ፣ በመናኸሪያ፣ እንዲያውም በገዛ ቤታችን «ለምን ተመለሳችሁ?» እየተባልን ነው። አንዳንዱ በማዘን፣ አንዳንዱ በመገረም፣ አንዳንዱም ጥፋት ሠርተን የተባረርን መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀናል። የማኅበሩ መሪዎች ስለ ጉዟችን እንድንናገር ባዘዙን ጊዜ ይህን ጥያቄ ለሁላችሁም በአንድ ቀን መልሰን የምንገላገል መስሎን ደስ አለን። ነገር ግን ንግግሩን ለመጻፍ በተቀመጥን ጊዜ ነገሩ እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ የተመለስነው ሁለት ነን። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት ብንሸፋፍነው ከንቱ ነው። ስለ ሦስተኛው ጓደኛችን በቦታው እንመጣበታለን፤ እስከዚያ ድረስ ግን «እኛ» ባልን ቍጥር እርሱም አለበት። ደግሞም ዓመታቱን የምንጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከመካነ ሰላም የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነው። በአቀስታ በኩል ደሴ እስክንደርስ ድረስ በመኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መካሪ ሆነልን። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት እናት «ኤውሮፓ ከአዲስ አበባ ይርቃል?» ብለው ጠየቁን፤ «አዎን፣ እማማ፣ ይርቃል» ባልናቸው ጊዜ ከቋጠሮአቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡን። በሻንጣችን ውስጥ ከልብሱ ይልቅ ስንቁ ይበዛ ነበር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ድርቆሽ ይዘናል፤ ከሁሉም በላይ የአንዳችን እናት በጠርሙስ አሽገው የሰጡን ንጥር ቅቤ ነበረ። ሥጋንና የወተት ውጤትን ከውጭ ይዞ ወደ ኤውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። ገና ከአውሮፕላን ወርደን ዕቃችን ሲፈተሽ ቅቤው ተገኘ። ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፤ ፊቱ ምን እንደ መሰለ አንናገርም። ያ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ከቈሻሻ መጣያ ሲገባ ባየን ጊዜ ከአገራችን መውጣታችን እውነት መሆኑ ያን ጊዜ ገባን። በሚመጣው ዓመት ለምትሄዱት ምክራችን ይህ ነው፤ ሽሮውን ያዙ፣ ቅቤውን ለእናታችሁ ተዉላቸው።

የከረምንባት ከተማ ኤርፉርት ትባላለች። በመካከለኛው ጀርመን በቱሪንገን ክፍለ ግዛት የምትገኝ፣ ጀርመን በ1990 አንድ እስከ ሆነችበት ጊዜ ድረስ በምሥራቁ መንግሥት ሥር የነበረች ከተማ ናት። እናንተ ስለ ብርዱ ለመስማት እንደምትጠብቁ እናውቃለን። እኛ ግን የደጋ ልጆች ነን፤ ባና ለብሶ ከብት የጠበቀ ሰው ብርድ አያስደነግጠውም። ደግሞም ቤታቸው ማሞቂያ አለው፤ ውስጥ ገብተን በሸሚዝ እንቀመጥ ነበር። ያልቻልነው ጨለማውን ነው። በታኅሣሥ ወር በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ጧትም ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትወጣው። ከትምህርት ስንወጣ ከተማው ሁሉ መብራት አብርቶ ይጠብቀናል። እንዲህ ያለው ቀን ሲደጋገም ሰው ያለ ምክንያት ይከፋዋል፤ ከመካከላችን አንዱ ሦስት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ተኝቶ ምን እንዳመመው ለመናገር አቅቶት ነበር። ሕመሙ ጨለማ መሆኑን የነገረን በማደሪያው ውስጥ ጎረቤታችን የሆነ ሶርያዊ ተማሪ ነው፤ እርሱም ቀድሞ ታሞበት ኖሯል።

ሁለተኛው ነገር ዝምታው ነው። በባቡር ውስጥ መቶ ሰው ተሳፍሮ የአንድ ሰው ድምፅ አይሰማም። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዳችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንጫወት አንዲት ሴት ወይዘሮ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩን፤ ለካ የተሳፈርንበት ክፍል ዝም የሚባልበት ክፍል ነበረ። እሑድ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ቅዳሜ ያልገዛ ሰው እሑድ በሶ ይበጠብጣል። ባዶ ጠርሙስ ወደ ሱቅ የመለሰ ሰው ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ለአንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም። ሦስተኛው ጓደኛችን ይህን ከሰማ በኋላ ማታ ማታ ከመናፈሻው ጠርሙስ እየለቀመ ይመጣ ጀመር። እኛም እንቀልድበት ነበር። ገንዘቡን ወደ ቤቱ ይልክ እንደ ነበረ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

የጋራ ማድ ቤታችንን ለስድስት ተማሪዎች ተካፍለነዋል። አንድ እሑድ ቡና ለማፍላት ተነሣን። ቡናውን በመጥበሻ ስንቆላው ጢሱ ወደ ጣራው ወጣና የእሳት ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ፤ አራት ፎቅ ሙሉ ተማሪ በሌሊት ልብሱ ወደ ብርዱ ወረደ። ተጠያቂዎቹ እኛ መሆናችንን በታወቀ ጊዜ መሬት ብትከፈት በገባንባት ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ነው። ሰዉ ወደ ላይ ሲመለስ ሽታው ስቦት ወደ ማድ ቤቱ ገባ፤ አምስት ሲኒ ይዘን ለሃያ ሰው አዳረስን። ከዚያ ቀን በፊት በደረጃ ላይ ሲያገኙን ሰላም ብቻ ይሉን የነበሩት ከዚያ ወዲህ በስማችን ጠሩን። ቡናውን ከዚያ በኋላ እዚያው ተቆልቶ ከሚሸጠው እየገዛን አፈላን፤ ጣዕሙ ግን ያው አልሆነም።

ስለ ትምህርቱ አንድ ነገር ብቻ እንናገር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ መምህር ስላነበብነው ጽሑፍ ጠየቁን። ሌሊቱን ስናጠና ስላደርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበነብነው። መምህሩ በትዕግሥት ሰሙንና «ጸሐፊው ያለውን እኔም አንብቤዋለሁ፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሉን። ዝም አልን። የምንለው ጠፍቶን ብቻ አይደለም፤ ይህን የመሰለ ጥያቄ ለእኛ ይገባል ብለን አስበን ስለማናውቅ ነው። መምህሮቻችን እዚህ ተቀምጠው ሳሉ ይህን መናገራችን ድፍረት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ብቻ አንጥልም። ከማስታወሻው ውጭ ፈተና ወጣብን ብለን አቤቱታ ጽፈን የፈረምነው ያው እኛው ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። እኒሁ መምህር አንድ ቀን ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። ኢትዮጵያ አልን። «ከየትኛው ክፍል?» አሉ። ወሎ ስንል ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመንን ጠብቀን ነበር፤ በዚያ አገር በዕድሜ የገፋ ሰው የወሎን ስም ካወቀ የሚያውቀው በ1984 በቴሌቪዥን ከታየው የረኀብ ሥዕል ነውና። መምህሩ ግን «እንግዲያውስ የጎርጎርዮስ አገር ሰዎች ናችኋ!» አሉን። የትኛው ጎርጎርዮስ እንደ ሆነ አላወቅንም። አለማወቃችንን ሲያዩ እርሳቸው አፈሩልን። ሦስት የወሎ ተማሪዎች፣ አማርኛ አፋቸውን የፈቱ፣ ስለ ገዛ አገራቸው ሰው በጀርመናዊ አፍ ሰሙ ማለት ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 አካባቢ በመካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ ከእኛ ከመካነ ሰላም ጋር አንድ አይደለችም፤ ነገር ግን በቀድሞው ቤተ አምሐራ፣ ማለት ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ደጋ የነበረች፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት፣ በ1531 በጦርነቱ ጊዜ የተቃጠለች የታወቀች ቤተ ክርስቲያን ናት። አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአልፎንሶ ሜንዴዝ ሰዎች ጋር ስለ ነበሩ፣ ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ባስወጡ ጊዜ አብረው ወጡ። ወደ ህንድ ሄዱ፤ ከዚያም ሮም ገቡ። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ማረፊያ ነበረ። ተስፋ ጽዮን የተባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548ና በ1549 ያሳተሙትም በዚያ ሲኖሩ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማደሪያ በኤውሮፓ ያ ነው ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም።

በ1649 ወደዚያ ቤት አንድ ጀርመናዊ ወጣት መጣ፤ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። የተወለደው በዚያችው እኛ በከረምንባት በኤርፉርት ነው። ዕድሜው ከእኛ ብዙ አይበልጥም፤ ሃያ አምስት ዓመት ያኽል ነው። ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለብቻው አጥንቶ ኖሮ የሚያናግረው ሰው ፈለገ። መነኮሳቱ ይህ ቋንቋ ከኢትዮጵያ ውጭ ሊማሩት የሚቻል አይደለም ብለው መለሱለት፤ ያም ሆኖ ሊቅ የሆኑ አንድ ሰው በመካከላቸው እንዳሉ ነገሩት። ሲያነብላቸው በአነባበቡ ሳቁበት፤ የቃላቱን ሰዋስው ማብራራት በጀመረ ጊዜ ግን ተደነቁ። እኛም በኤርፉርት ዳቦ ቤት ጀርመንኛ በተናገርን ቍጥር የምትስቅብን ልጅ ስለ ነበረች ይህን ስንሰማ ለሉዶልፍ አዘንንለት። እርሱና አባ ጎርጎርዮስ መጀመሪያ የጋራ መነጋገሪያ አልነበራቸውም፤ በአስተርጓሚ ጀመሩ፣ ኋላ ግን በግዕዝ ተነጋገሩ።

ሉዶልፍ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለመስፍኑ ለኤርንስት ነገረና አባ ጎርጎርዮስን በ1652 ወደ ጎታ አስጠራቸው። አስቡት፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት የሆናቸው የወሎ መነኵሴ፣ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ፣ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ኑረምበርግ ደረሱ፤ ሉዶልፍም እስከዚያ ወጥቶ ተቀበላቸው። ያን ጊዜ ጀርመን ዛሬ የምናያት ጀርመን አልነበረችም። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ብዙ መንደር ተቃጥሎ፣ በአንዳንዱ አገር ከሕዝቡ እኩሌታው በጦርና በበሽታ አልቆ ነበር። እኛ ኤውሮፓ ሁልጊዜ የጠገበችና ሰላማዊ የነበረች ይመስለናል፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን ያዩት የፈረሰ አገር ሲጠገን ነው።

ከኤርፉርት ጎታ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ በረዶ እየረገጥን ወደ መስፍኑ ግንብ ወጣን። ግንቡ መሠራት የጀመረው በ1643 ሲሆን ያለቀው በ1654 ነው፤ ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስ የበጋውን ወራት የከረሙበት ግንበኛው መዶሻውን ሳያስቀምጥ ነው። ስሙ ፍሪደንሽታይን ይባላል፤ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። ይህን በተረጐሙልን ጊዜ ሦስታችን ተያየን፤ የመጣነው ከመካነ ሰላም ነዋ! በበሩ አናት ላይ ሰላምና ጽድቅ ሲሳሳሙ ተቀርጿል፤ ከሥሩም ሰላም ያበላል፣ ጠብ ይበላል የሚል ቃል አለ። መስፍኑ በ1642፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ የገበሬው ልጅ ሁሉ ወንድም ሴትም ተማሪ ቤት እንዲገባ ሥርዓት ያወጣ ሰው ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ትምህርት ይቈይ አላለም። ይህን የምንናገረው በክልላችን ከ2023 ወዲህ በተነሣው ግጭት ስንት ተማሪ ቤት እንደ ተዘጋ እናንተም እኛም ስለምናውቅ ነው።

በግንቡ ውስጥ ባለው ቤተ መጻሕፍት አስፈቅደን ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመውን የኢትዮጵያ ታሪክና በ1691 ያሳተመውን የታሪኩን ማብራሪያ አየን። በማብራሪያው ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል አለ። ሦስታችን ጎንበስ ብለን ፊታቸውን ስናይ ከመካከላችን አንዱ «አጎቴን ይመስላሉ» አለ፤ ሣቅን፣ ግን እውነቱን ነው፤ ማክሰኞ ገበያ ብትወጡ የሚያጋጥማችሁ ፊት ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ነው። ስለ ደጋችን፣ ስለ እህላችን፣ ስለ እንስሶቻችን፣ ስለ ነገሥታቱ የሚናገረው አብዛኛው ከእርሳቸው አፍ የተገኘ ሲሆን እኛ አንዲት መስመር እንኳ ማንበብ አልቻልንም። አንዲት ጀርመናዊት ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ እያዞረች አነበበችልን። በጣም ያናደደን ነገር እርሱ ነው። በማን እንደ ተናደድን ግን አሁንም አናውቅም፤ እነርሱ መጽሐፉን አልሰረቁንም፣ አባ ራሳቸው ጠይቀዋቸው ተናግረዋል፤ ጽፈው አስቀመጡት፣ እኛ አልጠየቅንም።

የግዕዙ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በ1661 ለንደን ታተመ፤ የአማርኛችን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ፍራንክፈርት ታተመ። አባ ጎርጎርዮስ አንዱንም አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ እስክንድሮና በሚባለው የቱርክ ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። መስፍኑ በ1663 ቫንስሌብ የሚባል የሉዶልፍን ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ እርሱም ከግብፅ አላለፈም። ስለዚህ በጎታና በመካነ ሥላሴ መካከል የተጀመረው መንገድ ተዘግቶ ቀረ።

እንግዲህ ስለ ሦስተኛው ጓደኛችን። ከጎታ በተመለስን በሳምንቱ እናቱ ደወሉለት። በቤታቸው ብቸኛው ወንድ ልጅ እርሱ ነው፤ ታናናሾቹ ሦስት ሴቶች ናቸው። እናቱ ናፍቀውት እንደ ሆነ ድምፃቸው ይናገር ነበር፤ አፋቸው ግን «መንገዱ እስኪጠና ትንሽ ቈይ የኔ ዓለም፣ አሁን አትምጣብኝ» ይል ነበር። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጠ። ጥቂት ቈይቶ በዚያው አገር የነርስነት ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ አመልክቶ ተቀበሉት፤ በአሁኑ ጊዜ እየሠለጠነ አረጋውያንን ይጦራል። ተቈጣነው። ከሐዲ አልነው፤ ይህን ቃል ዛሬ በፊታችሁ እንመልሰዋለን። እርሱ ግን ሳይቈጣ «እናንተ ለምን እንደምትመለሱ ንገሩኝ፣ ደኅና ምክንያት ከሆነ እኔም እመለሳለሁ» አለን።

ያን ጊዜም የምንመልሰው አጣን። እናንተ እንድታጨበጭቡልን አገር ወዳድነት ነው ብንል ይቀልለን ነበር። እውነቱ ግን ከሁለታችን አንዱ የተመለሰው አባቱ ስለ ታመሙ ነው፤ ሌላውም ዋስ የሆኑለትን ሰው ላለማስያዝ ነው። ሁለቱም ምክንያት ጀግንነት የለበትም። አባ ጎርጎርዮስስ ለምን ተመለሱ? በዚያ የሚወዳቸውና የሚያከብራቸው ወዳጅ ነበራቸው፤ በአገራቸው ደግሞ የእርሳቸው ወገን ተሸንፎ ነበር። ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ባሕር የገቡበትን ምክንያት ብዙ አሰብንበት። ምናልባት እርሳቸውንም በየማረፊያው «ለምን ትመለሳለህ?» ብለው ሳይጠይቋቸው አልቀሩም።

የጓደኛችን ዋስ አጎቱ ነበሩ፤ ገንዘቡን እንዲከፍሉ ታዘዋል። እርሱ ከደመወዙ እየቀነሰ ይልክላቸዋል፤ ከዚያም ላይ ታናሽ እኅቱን ደሴ ያስተምራል። ይህን ሁሉ አይተን ከሐዲ ማለታችን አሳፍሮናል፤ ደኅና አደረግህ ለማለት ደግሞ ልባችን አልፈቀደም። ሁለቱንም ይዘን መጥተናል። ነገር ግን በእርሱ ምክንያት ወደ ፊት ለሚሄዱት የዋሱ ገንዘብ በእጥፍ ከፍ ይበል የሚል ሐሳብ እንዳለ ሰምተናል፤ ይህን እንቃወማለን። በእጥፍ ዋስ የሚያገኘው የባለጠጋ ልጅ ነው፤ ጠርሙስ እየለቀመ ወደ ቤቱ የሚልክ ተማሪ አያገኝም። የሄደውን ለመመለስ የቀረውን በር መዝጋት ምን ይረባል? መምህሮቻችን ነገሩ ወደ ስብሰባ ሲቀርብ ይህን ቃላችንን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ሁለተኛው ልመናችን ትንሽ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ከብዙ ዘመን በፊት በጀርመን አገር ታትመዋል። የተጻፉት በግዕዝ ነው፤ ለእነዚህስ ላቲን የሚያውቅ ሰው መለመን አያሻንም። ገጾቹን ፎቶግራፍ አንሥተን አምጥተናል፤ ሳናነሣቸው የቀሩትን ደግሞ ያው ጓደኛችን ከሥራ ባረፈበት ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄዶ አንሥቶ ባለፈው ሳምንት ልኮልናል። ከከተማው አንድ መሪጌታ ሊያነቡልንና ሊፈቱልን ፈቅደዋል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የምናነበው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በማኅበሩ ክፍል ነው። ወንበሩ ጥቂት ስለ ሆነ ቀደም ብላችሁ ኑ፤ ቡናው የሚቆላው ከውጭ ነው።